ሃሪ ፖተርን ከመከልከላችን በፊት ሲኒያችንን እንይ



ባለፈው ወር አንድ ቀን የሌሊት ሥራዬን ጨርሼ ጠዋት ቤት ገባሁ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሄደዋል። እንቅልፍ እስኪወስደኝ ብዬ አንሶላ መቀየር ጀመርኩ። የትልቋን ልጄን ፍራሽ ከፍ ሳደርግ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ወደቀ። ጀርባው ላይ የላይብረሪ ምልክት አለው። ሃሪ ፖተር፣ ሦስተኛው መጽሐፍ።

ልጄ 11 ዓመቷ ነው። መጽሐፍ በማንበቧ ተቆጥቻት አላውቅም። ታዲያ ለምን ደበቀችው? ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጠየቅኳት። አንገቷን ደፍታ «ኡሚ፣ ሐራም ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ትወስጂብኛለሽ ብዬ ነው» አለችኝ። እውነቱን ልንገርሽ እህቴ፣ መጽሐፉ ያን ያህል አላስደነገጠኝም። ያስደነገጠኝ ልጄ ከእኔ መደበቅ መልመዷ ነው።

ያን ቅዳሜ ልጆቻችን ቁርኣን እየቀሩ እኛ እናቶች እንደ ልማዳችን ቁጭ ብለን ስንጠብቃቸው ነገሩን አነሳሁት። ቡናው በቴርሞስ፣ ዳቦው በሳህን፣ ክርክሩ ደግሞ እስከ ዙህር ድረስ ሄደ። በዲን እውቀት ከሁላችንም የምትበልጠው እህታችን «ይሄማ ምን ያጠያይቃል? ልጅ ሲሕርን እየወደደ እንዲያድግ ማድረግ ነው» አለች። እዚሁ ቨርጂኒያ ያደገችው፣ አሁን የሁለት ልጆች እናት የሆነችው፣ ሳቀች። «ሰባቱንም አንብቤያለሁ፤ ይኸው ሂጃቤን ለብሼ ሶላቴን እየሰገድኩ አይደለም እንዴ? ክፍል ውስጥ ብቸኛዋ ሙስሊም በነበርኩበት ጊዜ ጓደኛ የሆነኝ እሱ መጽሐፍ ነው» አለች። አገር ቤት የአማርኛ መምህርት የነበረችው ደግሞ «ሐላል ሐራሙን ለሚያውቁት ልተወው፤ ጽሑፉ ራሱ ተራ ነው፤ ጊዜ ማባከን ነው» ብላ ሁለቱንም አስኮረፈቻቸው።

ማን እንዳሸነፈ አልነግርሽም፤ ማንም አላሸነፈም። እኔ ግን ያን ሌሊት በእረፍት ሰዓቴ መጽሐፉን ማንበብ ጀመርኩ። ዛሬ የምጽፍልሽ ካነበብኩ በኋላ የደረስኩበትን ነው። ነርስ ነኝ እንጂ ዓሊም አይደለሁም። ፈትዋ አልሰጥሽም፤ እንደ እናትና እንደ ሕክምና ሠራተኛ የማስበውን ግን ልንገርሽ።

ለማታውቂው በአጭሩ፦ ሃሪ ፖተር ጄ ኬ ሮውሊንግ የተባለች እንግሊዛዊት ደራሲ የጻፈችው፣ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2007 የወጣ ሰባት መጽሐፍ ነው። ወላጅ አልባ የሆነ ልጅ በ11 ዓመቱ አስማት ወደሚማርበት አዳሪ ትምህርት ቤት ይገባል። በዓለም ላይ ከ500 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። ጠቡም አብሮት የተወለደ ነው። የአሜሪካ ላይብረሪዎች ማኅበር ከ2000 እስከ 2009 ይወገዱልን የሚል አቤቱታ ከቀረበባቸው መጻሕፍት በዝርዝሩ አናት ላይ ያስቀመጠው ይህንኑ ተከታታይ ነው። አብዛኛው አቤቱታ የመጣው ከክርስቲያን ወላጆች ነው። በ2002 ደግሞ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ በግል ትምህርት ቤቶች እንዳይነበብ ከልክላለች። የመምህርቷ እህታችን አስተያየትም ባለቤት አለው፤ ሃሮልድ ብሉም የተባለው ታዋቂ ሃያሲ በ2000 ዎል ስትሪት ጆርናል ላይ ጽሑፉን የተሰለቸ ነው ብሎ ክፉኛ ተችቶታል። ኤችቢኦ ደግሞ በ2023 ታሪኩን እንደገና በቴሌቪዥን ተከታታይ እንደሚያቀርብ ስላስታወቀ፣ ጥያቄው ዛሬ ባይመጣብሽ ነገ ይመጣብሻል።

መጀመሪያ ለተቃዋሚዋ እህቴ ሐቋን ልስጣት። ሲሕር በዲናችን ቀልድ አይደለም። ሡረቱል በቀራ ቁጥር 102 ላይ አላህ ስለ ሃሩትና ማሩት ሲነግረን፣ ሲሕር እውን መሆኑን፣ ባልና ሚስትን እስከመለየት እንደሚደርስ፣ ያለ አላህ ፈቃድ ግን ማንንም እንደማይጎዳ አስተምሮናል። ነብያችን (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) ከአጥፊዎቹ ሰባት ወንጀሎች ውስጥ ከሺርክ ቀጥለው የጠሩት እሱን ነው። ስለዚህ «ልብ ወለድ ነው፣ ምን ችግር አለው» ብሎ ማለፍ ለእኔም አይዋጥልኝም። ጎረቤታችን ላለችው አሜሪካዊት እናት አስማት ተረት ነው፤ ለኛ ግን እናቶቻችን በሹክሹክታ የሚያወሩት፣ ያለ ነገር ነው። ከዚያ በላይም አለ። በመጽሐፉ ውስጥ ልጆቹ ትልልቆችን ይዋሻሉ፣ ሌሊት ሹልክ ብለው ይወጣሉ፣ ብዙ ጊዜም ይሸለሙበታል። ይህን ልጄ እንደ ጀግንነት እንድትቆጥረው አልፈልግም።

ነገር ግን ስለ አንድ ነገር መናገርና ነገሩን ማድረግ ይለያያሉ። ቁርኣን ራሱ የፊርዐውንን ድግምተኞች ታሪክ ደጋግሞ ይነግረናል። ገመዳቸው እባብ ሲመስል፣ የሙሳ (ዐለይሂ ሰላም) በትር ሲውጠው፣ ከዚያም ሲሕረኞቹ ራሳቸው ሱጁድ ሲወርዱ። እውነት ነው፣ የአላህ ቃልና የሰው ልብ ወለድ አይነጻጸሩም፤ ግን ልጅ ስለ ሲሕር ጨርሶ ሳትሰማ ታድጋለች ማለት ዘበት መሆኑን ያሳየናል። ልብ ወለድ የሆነ ነገር ሁሉ ውሸት ነው ለምትለኝም አንድ ሐዲሥ ላስታውስሽ። አቡ ዳውድ እንደዘገቡት እናታችን ዓኢሻ (ረዲየላሁ ዐንሃ) ከአሻንጉሊቶቿ መካከል የጨርቅ ክንፍ ያለው ፈረስ ነበራት። ነብዩ (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) ፈረስ ክንፍ አለው እንዴ ብለው ሲጠይቋት፣ የሱለይማን ፈረሶች ክንፍ እንደነበራቸው አልሰሙምን ብላ መለሰች። እሳቸውም የመንጋጋ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። አልተቆጧትም። ዑለሞች ስለ ልብ ወለድ የተለያየ አስተያየት አላቸው፤ አንቺ የምታምኛቸውን ጠይቂ። እኔ ግን ከዚህ ሐዲሥ የልጅን ምናብ በፈገግታ መቀበልን ተምሬያለሁ።

አሁን ወደሚያመን ቦታ ልሂድ።

ቅዳሜ ዕለት ክርክሩ ሲያበቃ ከመካከላችን አንዷ ቴርሞሱን እየዘጋች፣ እየሳቀች «ኧረ ባለፈው እከሊት ሲኒዬን ገልብጣ አይታልኝ፣ ወረቀትሽ በዚህ ዓመት ያልቃል አለችኝ» አለች። ሁላችንም ሳቅን። ማንም ሐራም ነው አላለም። ከአምስት ደቂቃ በፊት ስለ እንጨት ዘንግ ስንጨቃጨቅ የነበርነው እኛው ነን። ጠንቋይ ዘንድ ሄዶ የጠየቀ ሰው የ40 ሌሊት ሶላቱ ተቀባይነት እንደማያገኝ ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ መጥቷል። ጨዋታ ነው እንላለን። ልጆቻችን ግን እዚያው አጠገባችን ዳቦ እየበሉ ይሰማሉ።

ሲኒው ቀላሉ ነው። ከባዱን ልንገርሽ፤ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ወሎ ውስጥ አንድ የአክስቴ ልጅ አለ። በ9 ዓመቱ ድንገት መውደቅ፣ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያን ጊዜ እኔ እዚህ ነርሲንግ እየተማርኩ ነበር። አክስቴ ደውላ «ልጁ ታሟል፣ የሚያውቁ ሰው አግኝተንለታል፤ ገንዘብ ላኪልን» አለችኝ። ላክሁ። ምን ዓይነት «አዋቂ» እንደሆነ አልጠየቅሁም። መጠየቅ ያልፈለግሁ ይመስለኛል። ሦስት ዓመት ክታብ በክታብ ላይ አንገቱ ላይ ታሰረለት፣ ጭስ ታጠነ፣ የጥቁር ዶሮ ዋጋ ተከፈለ። በሦስተኛው ዓመት እሳት አጠገብ ሳለ ወደቀና እጁ ተቃጠለ። ጤና ጣቢያ የወሰዱት ለቃጠሎው ነው፤ እዚያ ያገኙት ጤና ባለሙያ ስለ መውደቁ ሲጠይቃቸው የሚጥል በሽታ መሆኑ ታወቀ። ፌኖባርቢታል ተጀመረለት። ርካሽ ኪኒን ነው፣ አገር ቤት ጤና ጣቢያ ይገኛል። ዛሬ አልሐምዱሊላህ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ሁለት ጣቶቹ ግን አይታጠፉም።

የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት መድኃኒታቸውን በትክክል ከወሰዱ ከመውደቅ ነፃ ሆነው መኖር እንደሚችሉ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። እኔ ይህን ክፍል ውስጥ ተምሬ ተፈትኜበት አልፌያለሁ። እዚያው ሳምንት ግን ገንዘቤን ለጠንቋይ ልኬያለሁ። ስለ ሩቅያ እየተናገርኩ አይደለም፤ ቁርኣን ይቀራለት፣ መድኃኒቱንም ይዋጥ፤ ሁለቱ አይጣሉም። እያልኩ ያለሁት ወደ ቤታችን የገባው ሲሕር በመጽሐፍ ተሸፍኖ አልመጣም። በስልክ ነው የመጣው፣ በእኛው ዶላር ነው የሄደው።

ሲገርምሽ፣ ልጄ ፍራሽ ስር የደበቀችው ሦስተኛው መጽሐፍ ውስጥ የሻይ አተላ እያየች ስለ ነገ የምትናገር መምህርት አለች። ከዘንድሮ ተማሪዎቼ አንዱ ይሞታል እያለች በየዓመቱ ታስፈራራለች፤ ማንም ሞቶ አያውቅም። ደራሲዋ ትቀልድባታለች። ሐቁን ለመናገር፣ ያችው ሴትዮ በታሪኩ ውስጥ የተናገረቻቸው ሁለት ትንቢቶች ደግሞ ይፈጸማሉ፤ እሱን ከልጄ ጋር ቁጭ ብለን ተነጋግረንበታል። የሩቁን ምስጢር ከአላህ በቀር የሚያውቅ እንደሌለ ስነግራት ምን አለችኝ መሰለሽ? «ታዲያ ኡሚ፣ ቅዳሜ ሲኒ ያዩት እትዬስ?» ዝም አልኩ። ከዚያ «ተሳስተናል፣ እኔም መሳቅ አልነበረብኝም» አልኳት። መጽሐፉ ባይኖር ኖሮ ይህን ጥያቄ አትጠይቀኝም ነበር።

የመጽሐፉን ጥቅምም ልናገር። ክፉዎቹ ሰውን በደም ይለያሉ። ወላጆቹ ጠንቋዮች የሆኑት ንጹሕ ደም ይባላሉ፤ ከሌላ ቤተሰብ የመጣችው፣ ከክፍሉ ሁሉ ጎበዟ ልጅ ደግሞ ደሟ ጭቃ ነው እየተባለች ትሰደባለች። ይህ ለኛ ሩቅ ነው? በአገራችን ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ ቡዳ ነው እየተባለ፣ ሠርቶ ባበላ፣ ከጋብቻና ከማዕድ ሲገለል ኖሯል። የአስማት ክስ ከደም ጋር ተያይዞ ምን እንደሚሠራ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? ዛሬም እዚሁ አሜሪካ ተቀምጠን ልጃችን ልታገባ ስትል መጀመሪያ የምንጠይቀው ስለ ሶላቱ ነው ወይስ ስለ ዘሩ? ቢላልን (ረዲየላሁ ዐንሁ) በከዕባ ላይ ለአዛን ያወጣ ዲን ይዘን! ልጄ ስለ ደም የተነገረው ስህተት መሆኑን ከመጽሐፉ ቶሎ ተረዳች፤ እኔ ደግሞ የመሰናበቻውን ኹጥባ ነገርኳት።

ሌላው ሞት ነው። እኔ ሥራዬ ላይ ሰው ሲሞት አያለሁ። ልጆቻችን ግን ሞት የማይነገርበት አገር እያደጉ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ክፉ ሰው ክፉ የሆነው ሞትን ከመፍራቱ የተነሳ ነው፤ ላለመሞት ሲል ይገድላል፣ ነፍሱን ይቆራርጣል። ደራሲዋ ሙስሊም አይደለችም፤ ስለ አኺራ የምታስበው እኔ የማምነውን አይደለም። ጥያቄውን ግን ትጠይቃለች፤ መልሱን እኔ ልስጥ።

በመጀመሪያው መጽሐፍ ውስጥ አንድ መስታወት አለ። ፊቱ የቆመ ሰው ልቡ አጥብቆ የሚመኘውን ያይበታል። ወላጅ አልባው ልጅ የሞቱ እናትና አባቱን ያያል፤ በየሌሊቱ እየሄደ ፊቱ ይቀመጣል። አንድ ማታ ይህን ክፍል አብረን ካነበብን በኋላ ልጄ «ኡሚ፣ አንቺ ብትቆሚ ማንን ታያለሽ?» አለችኝ። እናቴ የሞተችው ወረቀቴ ሳያልቅ ነው። ሄጄ አልቀበርኳትም፤ ለቅሶዋን ሄርንደን ውስጥ በስልክ ሰማሁ። ይህን ለልጄ ነግሬያት አላውቅም ነበር። ያን ማታ ነገርኳት። አቅፋኝ አለቀሰች፤ ከዚያ አብረን ለአያቷ ዱዓ አደረግን። ከዚያ ወዲህ ከሶላት በኋላ ሳትነገራት ታደርግላታለች።

እህቴ፣ እኔ የመጣሁት የመጀመሪያውን ሂጅራ ከተቀበለ አገር ነው፤ አንቺም ብዙዎቻችሁም እንዲሁ። የቁረይሽ መልእክተኞች ስደተኞቹን ሳይሰሙ እንዲመልሷቸው ነጃሺን ሲጠይቋቸው፣ እሳቸው እነዚህን ሰዎች ሳልጠይቅ አሳልፌ አልሰጥም አሉ። ጠሯቸው፣ ጃዕፈር ከሡረቱ መርየም ሲቀሩላቸውም አለቀሱ። ከመፍረድ በፊት መስማት የእኛም ውርስ ነው። መጽሐፉን ባትወጂው መብትሽ ነው፤ ልጅሽን ግን ሳትሰሚያት አትፍረጂባት።

ስለዚህ የእኔ ምክር ይህ ነው። ከልጅሽ በፊት ወይም ከልጅሽ ጋር አንብቢው። እንግሊዝኛው ቢከብድሽ እሷ ታንብብልሽ፣ አንቺ በአማርኛ ጠይቂያት። ይህ ሰው ዋሸ፤ ሌላ መንገድ አልነበረውም? ይህ በእኛ ዲን ምን ይባላል? አንቺ ብትሆኚስ? ብለሽ ጀምሪ። ሁሉንም በአንዴ አትፍቀጂ፤ በ2000 ከወጣው ከአራተኛው መጽሐፍ ጀምሮ ታሪኩ ይጨልማል፣ ተማሪ ይገደላል። እኔ ልጄን ከሦስተኛው በኋላ አንድ ዓመት እንድትቆይ ነግሬያታለሁ፤ አኩርፋ ተቀብላለች። ዘንግ ይዞ ቃል እየደገሙ መጫወትንም አልወደድኩም፤ ለምን እንደሆነ ነግሬያት ተስማምተናል። ሶላት ሰዓት ሲደርስ መጽሐፉ ይታጠፋል።

ካነበብሽው በኋላ «አይሆንም» ካልሽም በርቺ፤ ግን ምክንያቱን ንገሪያት፣ ባዶ እጇንም አትተያት። ከፍ ላሉት ልጆች የፓኪስታን ተወላጅ አሜሪካዊት የሆነችው ሰባ ጣሂር ከ2015 ጀምሮ የራሷን ምናባዊ ተከታታይ ጽፋለች፤ በ2022 ደግሞ በሌላ መጽሐፏ የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት በወጣቶች ዘርፍ አግኝታለች። የእሷም ጦርነትና ጭካኔ አለበት፤ እሱንም ቀድመሽ እዪው።

በከተማችን ያለው ላይብረሪ ስሙ ፎርትናይትሊ ነው፤ «በየሁለት ሳምንቱ» ማለት ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1889 የሄርንደን ሴቶች ካቋቋሙት የንባብ ማኅበር ነው። ቅዳሜ ለእናቶቹ ይህን ነግሬያቸው እኛስ ብዬ ጠየቅሁ። በዲን እውቀት የምትበልጠን እህታችን ትንሽ አሰበችና «መጽሐፉን አሁንም አልወደውም፤ ግን ልጆቻችን የሚያነቡትን እናንብ። እኔ የመጀመሪያውን ውሰዱልኝና ልየው» አለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንገናኛለን። ክርክሩ አላለቀም፤ ያልቃልም ብዬ አልጠብቅም። አንድ ነገር ግን ተስማምተናል፦ ሲኒ አይገለበጥም።

አላህ ልጆቻችንን በተውሒድ ላይ ያጽናልን፣ እኛንም ከእነሱ ፊት የምናፍርበትን ከመሥራት ይጠብቀን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።